ካርድ ከሌለ ድምፅ የለም፦ ለደሴና ለኮምቦልቻ መራጮች

ምርጫ ሲባል ሰው ቶሎ የሚታየው የድምፅ መስጫው ቀን ነው። ሰልፉ፣ ኮሮጆው፣ ጣት ላይ የሚቀባው ቀለም። እኔ ግን ከዚያ በፊት ስላሉት የምዝገባ ሳምንታት ነው አጥብቄ መናገር የምፈልገው። ብዙ ድምፅ የሚቀረው ያኔ ነው።

ደሴ ውስጥ ሥነ ዜጋ አስተምራለሁ። በ2013ቱ ስድስተኛ ጠቅላላ ምርጫ ከምዝገባው እስከ ቆጠራው ድረስ በአንድ ምርጫ ጣቢያ አስፈጻሚ ሆኜ ሠርቻለሁ። ሰኔ 14 ቀን ካርድ ሳይኖራቸው መጥተው የተመለሱ ሰዎች ነበሩ። ፒያሳ ሻይ ቤት ተቀምጠው ስለ አገር ጉዳይ ሲከራከሩ የማውቃቸው ትልልቅ ሰዎች። ስማቸው መዝገብ ላይ የለም። እያዘንን መለስናቸው። በድምፅ መስጫው ቀን ምዝገባ የለም፤ ማንም አስፈጻሚ ቢለመን ሊያደርገው አይችልም።

ስለዚህ ከምዝገባው እንጀምር።

መመዝገብ የሚችለው ማን ነው?

የምርጫ ሕጋችን አዋጅ ቁጥር 1162/2011 ነው። የሚጠይቀው ብዙ አይደለም። ኢትዮጵያዊ መሆን፣ በምዝገባው ዕለት 18 ዓመት መሙላት፣ በምርጫ ክልሉ (ለፓርላማ አንድ ሰው በሚልከው አካባቢ) ውስጥ ቢያንስ ስድስት ወር መኖር። በፍርድ ቤት ወይም በሕግ የመምረጥ መብቱ የተገደበበት ሰውና በአእምሮ ሕመም ምክንያት መወሰን የማይችል ሰው አይመዘገቡም። ከዚህ ውጭ ሃይማኖት፣ ብሔር፣ ሀብት፣ ትምህርት፣ ጾታ አይጠየቅም። ሕገ መንግሥቱም በአንቀጽ 38 የመምረጥን መብት ያለ ልዩነት ለዜጎች ሰጥቷል።

«በምዝገባው ዕለት» የሚለውን ልብ በሉልኝ። ተማሪዎቼ በየጊዜው ይጠይቁኛል። ምዝገባው ካለፈ በኋላ፣ ግን ከድምፅ መስጫው ቀን በፊት 18 የሚሞላው ልጅ ለዚያ ምርጫ አይደርስም። በዚያው በምዝገባው ሰሞን የሚሞላው ግን ይደርሳል። ቤታችሁ እንዲህ ያለ ልጅ ካለ የልደት ቀኑን ከምዝገባው መዝጊያ ጋር አመሳክሩ። ልጆች ይህን ብቻቸውን አያስቡትም፤ እናትና አባት ናቸው የሚያስታውሱት።

ስድስት ወሩ ደግሞ ብዙ ሰው የሚሰናከልበት ነው። በተለይ ተከራዩ። «የራሴ ቤት የለኝም፣ እኔ የት እመዘገባለሁ?» የሚሉኝ ሰዎች አሉ። ሕጉ የሚጠይቀው መኖርን ነው። የቤት ካርታ አይጠይቅም። በአንድ ክፍል ኪራይ ቤት ስድስት ወር የኖረች የኮምቦልቻ ልጅና ሆጤ ውስጥ ሦስት ፎቅ የሠራ ሰው መዝገቡ ላይ እኩል ናቸው።

ችግሩ መታወቂያው ላይ ነው። ኮምቦልቻ ኢንዱስትሪ ፓርክና በየፋብሪካው የሚሠሩ ወጣቶች ብዙዎቹ ከገጠር ወረዳዎች የመጡ ናቸው። የያዙት መታወቂያ የእናት አባታቸው ቀበሌ ነው። ለእነዚህ ልጆች ምክሬ አንድ ነው፤ የምዝገባ ማስታወቂያ እስኪወጣ አትጠብቁ። ለበዓል ወደ ቤተሰብ ስትሄዱ ከቀበሌው መሸኛ ይዛችሁ ተመለሱ። በመሸኛው የኮምቦልቻ መታወቂያ አውጡ። ምዝገባው ሲጀመር መሸኛ ፍለጋ መኪና መሳፈር ገንዘብም ጊዜም ይበላል፤ የፋብሪካ አለቃም በዚያ ሰሞን ፈቃድ ላይሰጥ ይችላል።

ሌላው በየቀኑ ሐረጎን የሚወርድና የሚወጣው ሠራተኛ ነው። ደሴ እያደረ ኮምቦልቻ የሚሠራ፣ ወይም ደግሞ በተቃራኒው። የምትመዘገቡት በምትኖሩበት ነው። በሥራ ቦታችሁ አይደለም። ሁለት ቦታ መመዝገብ ወንጀል ነው፤ «ለማንኛውም ይኑር» ብላችሁ እንኳ አታድርጉት።

ምን ይዛችሁ ትሄዳላችሁ?

የታወቀው የቀበሌ መታወቂያ ነው። ፓስፖርትና መንጃ ፈቃድም ማንነትን ያስረዳሉ። ፋይዳ ያወጣችሁም አብራችሁ ያዙት። ሰነድ የሌለው ሰው ደግሞ በሚያውቁት የአካባቢው ነዋሪዎች ምስክርነት የሚመዘገብበት መንገድ አለ። ይህን የማያውቁ እናቶች አሉ። መታወቂያ አውጥተው የማያውቁ፣ ወይም ያወጡት ጠፍቶባቸው «እኔማ ወረቀት የለኝ» ብለው ቤት የሚቀሩ።

በእኛ ከተማ ይህ ቀላል ጉዳይ አይደለም። በ2014 ጥቅምት መጨረሻ ጦርነቱ ደሴና ኮምቦልቻ ሲደርስ ሰው የሸሸው ልጁን አዝሎ ነው። መታወቂያ፣ የልደት ካርድ፣ የጋብቻ ወረቀት እቤት ቀርቶ የጠፋባቸው አሉ። ከተማው ኅዳር መጨረሻ ላይ ነፃ ሲወጣ ተመልሰው ያገኙት ባዶ ቤት ነበር። ከዚያ ወዲህ አዲስ መታወቂያ ያላወጣ ዘመድ ወይም ጎረቤት ካላችሁ አሁኑኑ ቀበሌ ውሰዱት። ጉዳዩ የምርጫ ብቻ አይደለም፤ ባንክም ሆስፒታልም ያስፈልገዋል።

ከቀያቸው ተፈናቅለው ደሴ የተጠለሉ ወገኖችም መብታቸው እዚያው ቀዬአቸው ላይ አልቀረም። ሕጉ ለተፈናቃዮች፣ ለወታደሮችና ከቤታቸው ርቀው ለሚማሩ ተማሪዎች ልዩ ምርጫ ጣቢያ እንዲቋቋም ይፈቅዳል። የወሎ ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች፣ ደሴም ሆናችሁ ኮምቦልቻ ካምፓስ፣ ይህን ከዝግጅቱ ሰሞን ጀምራችሁ ጠይቁ። «አገሬ ሄጄ እመዘገባለሁ» ብላችሁ ፈተና መሐል ላይ እንዳትያዙ።

የሚመዘገበው ባለቤቱ ራሱ ነው። ባል ለሚስቱ፣ ልጅ ለእናቱ አይመዘገብም። ይህን ስንናገር ቅር ያላቸው አባቶች ነበሩ። «እሷ ቤት ናት፣ እኔ እፈርምላታለሁ» ይላሉ። አይሆንም። እሷ ራሷ መጥታ ስሟን ታስመዘግባለች፤ ፈርማ ወይም አሻራዋን አሳርፋ ካርዷን ትወስዳለች። ይህች ትንሽ ነገር በእኔ ዓይን ትልቅ ነገር ናት። ባሏን ተከትላ የመጣች ሴት ብቻዋን ጠረጴዛው ፊት ቆማ «ስምዎ ማን ነው?» ስትባል ድምፅዋ እንዴት እንደሚለወጥ አይቻለሁ።

ቀኑን አታሳልፉ

የምዝገባውን መጀመሪያና መጨረሻ የሚወስነው የኢትዮጵያ ብሔራዊ ምርጫ ቦርድ ነው። የጊዜ ሰሌዳ ያወጣል። ሰሌዳው ሲወጣ መጨረሻ ቀኑን ስልካችሁ ላይ ሙሉት፤ ጽፋችሁም ግድግዳ ላይ ለጥፉት።

በ2013 ምዝገባው የተጀመረው መጋቢት ውስጥ ነበር። ዐቢይ ጾም ነው። ሚያዝያ ሲገባ ደግሞ ረመዳን ጀመረ። በእኛ ከተማ ይህ ማለት ግማሹ ሰው በአንዱ፣ ግማሹ በሌላው ጾም ላይ ነው ማለት ነው። «ፋሲካ ይለፍና»፣ «ዒድ ይለፍና» ሲባል ሳምንቱ አለፈ። የተመዘገበው ሰው በመላ አገሪቱ ትንሽ ስለነበረ ቦርዱ ቀኑን አራዘመ። በመጨረሻ ከ37 ሚሊዮን በላይ ሰው ተመዘገበ። መራዘሙን ግን እንደ ደንብ አትቁጠሩት። አንድ ጊዜ ተራዘመ ማለት ሁልጊዜ ይራዘማል ማለት አይደለም።

የምትጾሙ ከሆነ በጠዋት ሂዱ። ጣቢያው ጠዋት ላይ ጭር ያለ ነው፤ አስፈጻሚውም አልደከመም። ከሰዓት በኋላ በተለይ በመጨረሻዎቹ ቀናት ሰልፍ ይበዛል።

ጠረጴዛው ፊት ስትደርሱ አትቸኩሉ። ስማችሁ ከነአባትና አያት በትክክል መጻፉን ተመልከቱ። በወሎ ስሞች ላይ ይህ ብዙ ጣጣ አለው። ሙሐመድ፣ መሐመድ፣ ሙሀመድ እየተባለ በሦስት ዓይነት ይጻፋል። ሰይድና ሰዒድ ይቀያየራሉ። ኃይሉና ሀይሉ ሲሆን ብዙ አያስቸግርም፤ የአያት ስም ሌላ ሆኖ ሲገኝ ግን በድምፅ መስጫው ቀን ጭቅጭቅ ይነሳል። ማንበብ የማይችሉ ከሆነ አብሯችሁ የመጣው ሰው ያንብብላችሁ። ካርዱ ላይ ያለውና መዝገቡ ላይ ያለው አንድ መሆን አለበት። የምርጫ ጣቢያውን ስምም ያዙ፤ ድምፅ የምትሰጡት በተመዘገባችሁበት ጣቢያ ብቻ ነው።

ምዝገባው ሲያልቅ መዝገቡ ለሕዝብ እይታ ክፍት ይሆናል። ሰው ይህን አይጠቀምበትም፤ እኔ ደግሞ በጣም ጠቃሚ ነው እላለሁ። ሂዱና ስማችሁን ፈልጉ። የጎደለ ወይም የተሳሳተ ነገር ካለ ለማረም ጊዜ የምታገኙት ያኔ ነው። ስታዩ የሞተ ሰው ስም፣ ሰፈሩን ከለቀቀ ዓመታት የሆነው ሰው ስም ወይም ዕድሜው ያልደረሰ ልጅ ስም ካገኛችሁ ማመልከት ትችላላችሁ። ጎረቤቱን ከጎረቤት በላይ የሚያውቅ የለም። ቦርዱ አዲስ አበባ ሆኖ ሸዋ በር ማን እንደሞተ አያውቅም።

ካርዱ የእናንተ ነው። ለቀበሌ ሰው፣ ለፓርቲ ሰው፣ ለአሠሪ፣ ለአከራይ አሳልፋችሁ አትስጡ። «ሰብስቤ ላስቀምጥላችሁ» የሚል ሰው ቢመጣ እንቢ በሉት። ደግሞ «ካልተመዘገባችሁ ዘይት አታገኙም፣ ስኳር አታገኙም» የሚል ወሬ ሰፈር ውስጥ ሲናፈስ ሰምቼ አውቃለሁ። ምርጫ መብት ነው እንጂ ግዴታ አይደለም። ማንም የመንግሥት አገልግሎትን ከመራጭነት ካርድ ጋር የማያያዝ ሥልጣን የለውም። እኔ ተመዝገቡ ብዬ የምለምናችሁ ድምፃችሁ ዋጋ ስላለው ነው። በማስፈራራት የተመዘገበ ሰው በማስፈራራት ይመርጣል፤ እንዲያ ያለ ምርጫ አልፈልግም።

ካርዱ ቢጠፋባችሁ ድምፅ መስጫው ቀን እስኪደርስ ዝም አትበሉ። ወደተመዘገባችሁበት ጣቢያ ሄዳችሁ ወዲያው አሳውቁ።

ሁለት ወረቀት፣ ሁለት ምክር ቤት

እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ። ክፍል ውስጥም ከሁሉ በላይ የማስረዳው ይህን ነው።

በጠቅላላ ምርጫ ሁለት የድምፅ መስጫ ወረቀት ይሰጣችኋል። አንዱ ለሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት ነው፤ የፌዴራሉ ፓርላማ። ሌላው ለክልል ምክር ቤት። ፓርላማው 547 ወንበር አለው፤ ከዚህ ውስጥ 138ቱ የአማራ ክልል ነው። የክልሉ ምክር ቤት ደግሞ 294 ወንበር አለው። ቁጥሩን አስተውሉት። የክልሉ ወንበር ከፓርላማው ወንበር ከእጥፍ በላይ ነው። ስለዚህ አንድ ምርጫ ክልል ለፓርላማ አንድ ሰው ሲልክ ለክልል ምክር ቤት ከአንድ በላይ ሰው ሊልክ ይችላል።

ወረቀቱ ላይ ይህ ምን ማለት ነው? በፓርላማው ወረቀት አንድ ሰው ብቻ ትመርጣላችሁ። በክልሉ ወረቀት እስከተመደበው የወንበር ቁጥር ድረስ መምረጥ ትችላላችሁ። ቁጥሩን ከአስፈጻሚው ጠይቁ። ጥያቄው ማንን እንደምትመርጡ አያጋልጥም፤ አስፈጻሚውም የመመለስ ግዴታ አለበት። ከቁጥሩ ካለፋችሁ ወረቀቱ ዋጋ አልባ ይሆናል።

ያሸናፊነቱ ስሌት ቀላል ነው። ከሌሎቹ የበለጠ ድምፅ ያገኘ ያሸንፋል። ከግማሽ በላይ ማግኘት አይጠበቅበትም። አንድ ሺህ ሰው ድምፅ ሰጥቶ አንዱ 400፣ ሌላው 350፣ ሦስተኛው 250 ቢያገኝ ባለ 400ው ፓርላማ ይገባል። የቀረው 600 ሰው ሌላ ፈልጎ ነበር፤ ግን ድምፁ ተከፋፈለ። «የእኔ አንድ ድምፅ ምን ታመጣለች» የሚል ሰው ይህን ስሌት ወረቀት ላይ ጽፎ ይየው።

ጠቅላይ ሚኒስትሩን በቀጥታ አንመርጥም። በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 73 መሠረት ጠቅላይ ሚኒስትሩ የሚመረጠው ከፓርላማው አባላት መካከል ነው፤ መንግሥት የሚመሠርተውም አብላጫ ወንበር የያዘው ነው። ብዙ ሰው ወረቀቱ ላይ የፓርቲውን ምልክት ብቻ አይቶ ያልፋል። የሚወክለን ሰው ማን እንደሆነ ስሙን እንኳ አያውቅም። ቡና ላይ ጎረቤቶቼን «ባለፈው ፓርላማ የላካችሁት ሰው ስሙ ማን ነው?» ብዬ ጠይቄ አውቃለሁ። አቦሉ ተጠጥቶ ቶናው ሲደርስም መልስ አልተገኘም። ሰዎቹ ግድየለሾች ሆነው አይደለም። ስሙን ማወቅ ሥራቸው እንደሆነ ማንም ነግሯቸው አያውቅም።

ስለዚህ የዕጩዎች ዝርዝር ሲለጠፍ ሂዱና የምርጫ ክልላችሁን ዕጩዎች ስም በደብተር ጻፉ። የፓርቲ ዕጩም የግል ዕጩም። ከዚያ ስለ እያንዳንዱ ጠይቁ። ደሴ ትልቅ ከተማ ብትመስልም ሰው ይተዋወቃል። አብሮ የተማረ፣ አብሮ የሠራ፣ በእድር የሚያውቀው አይጠፋም። «በጨዋነት ይታወቃል?» ብቻ ብላችሁ አትመለሱ። ኃላፊነት ላይ ነበር? በነበረ ጊዜ ምን ሠራ? ሰው ሲቃወመው እንዴት ሆነ?

ዕጩው ራሱ ሲመጣ ደግሞ ለሚወዳደርበት ምክር ቤት የሚሆን ጥያቄ ጠይቁት። የሰው ሁሉ ጥያቄ ውኃና ኮብልስቶን ነው። ልክ ነው፤ ውኃ ሲጠፋ የምንቸገረው እኛ ነን። ግን የከተማው ውኃና የውስጥ ለውስጥ መንገድ በዋናነት የከተማ አስተዳደሩ ጉዳይ ነው። የከተማና የቀበሌ ምክር ቤት የሚመረጠው በአካባቢ ምርጫ ነው፤ እሱ ደግሞ ከጠቅላላ ምርጫው የተለየ ነው። በአገር ደረጃ ለመጨረሻ ጊዜ የተካሄደው በ2005 ነበር። «የአካባቢ ምርጫ እንዲካሄድ ትታገላለህ ወይ?» የሚለው ራሱ ለዕጩ የሚቀርብ ጥሩ ጥያቄ ነው።

ለክልል ምክር ቤት ዕጩ ስለ ትምህርት ቤትና ጤና ጣቢያ በጀት፣ ስለ መሬት አስተዳደር፣ ስለ ክልሉ ፖሊስ ጠይቁ። ለፓርላማ ዕጩ ስለ ሰላም፣ ስለ ግብር፣ ስለ ዋና ዋና መንገዶች ጠይቁ። የኮምቦልቻ ሰዎች ከአዋሽ ተነስቶ በከተማችሁ አድርጎ ወደ ወልድያ አቅጣጫ ሐራ ገበያ ስለሚሄደው የባቡር መስመር ጠይቁ። ግንባታው የተጀመረው በ2007 ነው፤ ጉዳዩ የፌዴራል ነው። «እንሠራለን» ካለ «እንዴት? በምን ገንዘብ? አንተ እዚያ ስትገባ ለማን ትናገራለህ?» በሉት። በሦስተኛው ጥያቄ ላይ የተዘጋጀና ያልተዘጋጀ ዕጩ ይለያል።

ሬዲዮ ክፈቱ። ሕጉ ፓርቲዎች በሕዝብ መገናኛ ብዙኃን የአየር ሰዓት እንዲያገኙ ያዛል። ክርክሩን የደገፋችሁት ፓርቲ ብቻ ሲናገር አትስሙ፤ ሌላው ሲመልስም ቆዩ። ፌስቡክና ቲክቶክ ላይ ስለ ምርጫ የሚለቀቀውን ግን በጥንቃቄ ያዙ። «ቀኑ ተቀይሯል»፣ «እገሌ ከውድድሩ ወጣ»፣ «ያኛው ሰፈር ጣቢያ ተዘግቷል» የሚል ነገር ስታዩ ሳታጋሩ በፊት የቦርዱን የራሱን ገጽ ተመልከቱ ወይም ጣቢያው ሄዳችሁ ጠይቁ። ማኅተም ያለበት ደብዳቤ ፎቶ ስለሆነ ብቻ እውነት ነው አትበሉ፤ ማኅተም በስልክ ይሠራል።

ከድምፅ መስጫው ቀን በፊት ያሉት አራት ቀናት የጥሞና ጊዜ ናቸው። ቅስቀሳ የለም። ደብተራችሁን አውጡና ተረጋግታችሁ ወስኑ።

ድምፅ መስጫው ቀን

ጣቢያው የሚከፈተው ከጠዋቱ 12 ሰዓት ነው፤ የሚዘጋው ከምሽቱ 12 ሰዓት። ካርዳችሁንና መታወቂያችሁን ያዙ። የደሴ ጠዋት ብርድ ነው፤ ጋቢ ወይም ጃኬት አትርሱ፣ ሰልፉ ሊረዝም ይችላል። የፓርቲ ምልክት ያለበት ቲሸርትና ኮፍያ ለብሳችሁ አትምጡ። መሣሪያ ይዞ መግባት ክልክል ነው።

ነፍሰ ጡሮች፣ ሕፃን ያዘሉ እናቶች፣ አዛውንቶችና አካል ጉዳተኞች ሰልፍ አይጠብቁም። እማማዎች ግን ተራ መቅደም ያፍራሉ። «ኧረ ልጆቼ፣ ተራዬን እጠብቃለሁ» ይላሉ። እናንተ ወጣቶች እጃቸውን ይዛችሁ ወደ ፊት አቅርቧቸው። ዓይነ ስውር የሆነ ሰው ወይም ራሱ ምልክት ማድረግ የማይችል ሰው የሚያምነውን ረዳት ይዞ ይገባል። ረዳቱን የሚመርጠው እሱ ነው እንጂ ሌላ ሰው አይመድብለትም። ረዳት የሆናችሁ ሰዎች ምልክት የምታደርጉት እሱ ያላችሁ ላይ ነው። ስትወጡም ለሚስታችሁ እንኳ አትናገሩ።

ስማችሁ ከመዝገብ ይፈለጋል፣ ትፈርማላችሁ፣ ጣታችሁ ላይ የማይለቅ ቀለም ይቀባል። ሁለቱን ወረቀት ተቀብላችሁ ወደ ሚስጥር ድምፅ መስጫው ብቻችሁን ትገባላችሁ። ባልና ሚስት አብረው አይገቡም። የወረቀቱን ፎቶ አታንሱ። ፎቶ አንሥታችሁ አሳዩን የሚላችሁ ሰው ቢኖር ድምፃችሁን ሊገዛ ወይም ሊያስፈራራችሁ የፈለገ ነው።

ምልክቱ በመረጣችሁት ዕጩ አንፃር ባለው ሳጥን ውስጥ የኤክስ ምልክት ወይም የጣት አሻራ ነው። ሌላ ምንም አትጻፉ። በቆጠራው ሌሊት ያዘንኩት በዚህ ነው። ወረቀቱ ላይ ስማቸውን የጻፉ ነበሩ። «አላህ አገራችንን ሰላም ያድርግልን» ብሎ በጥሩ እጅ ጽሑፍ የጻፈ ሰው ነበር፤ ምልክት ግን የትም አላደረገም። በሁለት ዕጩዎች መሐል መስመሩ ላይ አሻራቸውን ያሳረፉ ነበሩ። ሁሉም ዋጋ አልባ ተባሉ። እነዚህ ሰዎች ተመዝግበዋል፣ ተሰልፈዋል፣ ብርዱን ችለዋል፤ ድምፃቸው ግን ለማንም አልተቆጠረም። ስለዚህ ቤት ሳላችሁ በተራ ወረቀት ተለማመዱ። ማንበብና መጻፍ ለማይችሉ ወላጆቻችሁ ሳጥን ሥላችሁ አሳዩአቸው። አሻራ የሚያሳርፉ ከሆነ ቀለሙ ሳይበዛ፣ ሳጥኑ መሐል ላይ። ወረቀቱንም ሲያጥፉት ቀለሙ ወደ ሌላው ሳጥን እንዳያትም ይጠንቀቁ። ከተሳሳታችሁ ኮሮጆ ውስጥ ሳትጨምሩት ለአስፈጻሚው ንገሩ።

«ልጄ፣ የቱ ይሻላል?» ብለው የጠየቁኝ እናት ነበሩ። አስፈጻሚ ይህን አይመልስም። ቢመልስላችሁ ጥፋት እየሠራ ነው፤ ለታዛቢዎች ተናገሩ።

አመሻሽ ላይ ተሰልፋችሁ 12 ሰዓት ቢሞላ አትበተኑ። ጣቢያው ሲዘጋ ሰልፍ ላይ የነበረ ሰው ይመርጣል። በ2013 ሰልፉ ስለበዛ ቦርዱ ሰዓቱን እስከ ምሽቱ 3 ሰዓት አራዝሞት ነበር።

ከቆጠራው በኋላ

ድምፁ የሚቆጠረው እዚያው ጣቢያው ውስጥ፣ የፓርቲ ወኪሎችና ታዛቢዎች ባሉበት ነው። ኮሮጆው ሳይከፈት ወደ ሌላ ቦታ አይሄድም። ውጤቱ በቅጽ ተሞልቶ ይፈረማል፤ አንድ ቅጂ ጣቢያው በር ላይ ይለጠፋል። በማግሥቱ ጠዋት ወደ ሥራ ስትሄዱ ጎራ በሉና አንብቡት። ቁጥሩን ጻፉት። የምርጫ ክልሉ ውጤት በኋላ ሲገለጽ የእናንተን ጣቢያ ቁጥር የሚያውቅ ሰው ሰፈር ውስጥ መኖር አለበት። ከአንድ ጣቢያ አንድ ሰው ከጻፈ የከተማው ሰው ራሱ ደምሮ ማየት ይችላል።

ያላማራችሁ ነገር ካለ ሻይ ቤት ብቻ አታውሩት። በጣቢያው አቤቱታ የሚሰማ ኮሚቴ አለ። ከዚያ ወደ ምርጫ ክልሉ፣ ከዚያም ወደ ፍርድ ቤት የሚሄድበት መንገድ በሕጉ ተቀምጧል። ለአቤቱታ የተሰጠው ጊዜ አጭር ነው፤ ስለዚህ በዚያው ዕለት ጻፉ። ምን እንደሆነ፣ በስንት ሰዓት፣ የትኛው ጣቢያ፣ ማን አየ። «ምርጫው ተጭበርብሯል» የሚል ጥቅል ጽሑፍ ማንም አያጣራውም። «ከቀኑ 8 ሰዓት ላይ ካርድ የሌለው ሰው ሲመርጥ አይቻለሁ፣ አብረውኝ ያዩት ሁለት ሰዎች እነሆ» የሚል ግን ይጣራል። ሁለት ቅጂ አዘጋጁ። አንዱን ስጡ፤ ሌላው ላይ መቀበላቸውን አስፈርማችሁ ያዙ።

የተመረጠው ሰው አምስት ዓመት ይቀመጣል። በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 54 መሠረት መራጩ እምነት ካጣበት በሕግ መሠረት ከምክር ቤት አባልነቱ ሊነሣ ይችላል። ምክር ቤቱ ለእረፍት ሲዘጋ ተወካዮች ወደ መረጣቸው ሕዝብ መጥተው ይሰበስባሉ። ስብሰባው ብዙ ጊዜ በጥቂት ቀን ማስታወቂያ ነው የሚጠራው፤ ከቀበሌ ሰዎች ቀኑን አስቀድማችሁ ጠይቁ። በምርጫው ሰሞን የጻፋችሁትን ደብተር ይዛችሁ ሂዱ፤ ያኔ ቃል የገባውን ከነቀኑ አንብቡለት።